በግጥሙ ውስጥ ባለቅኔው የት አለ?

ሰው ተስፋ ባደረገበት ነገር ሲታለል ሁለት መንገድ ይከፈትለታል። አንደኛው፥ የተታለለበትን ነገር መርምሮ፥ በጥፋቱ ውስጥ የራሱ እጅ ምን ያህል እንደ ነበረበት አውቆ፥ ከዚያ በኋላ የሚሠራውን ማቃናት ነው። ሁለተኛው፥ ራሱን ከነገሩ አውጥቶ፥ በደሉን ሁሉ በሌላው ላይ ጭኖ፥ በምሬት መኖር ነው። ሁለተኛው መንገድ ሰፊና ምቹ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይሄድበታል። ባለቅኔም ሰው ነውና ይሄድበታል። ልዩነቱ፥ ሌላው ሰው ምሬቱን በጠጅ ቤትና በቡና ላይ አውርቶ ሲተወው፥ ባለቅኔው ግን ቤት አስመትቶ ለሕዝብ ማሰማቱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለመናገር ያሰብሁት ስለ አማርኛ ግጥም ነው፤ ይኸውም ካለፉት ስድሳ ዓመታት ወዲህ የፖለቲካ ተስፋችን ደጋግሞ ሲሰበር ግጥማችን ምን ዓይነት ጠባይ እንደ ያዘ ነው። እኔ በግጥም ታላቅ ስም ያለኝ ሰው አይደለሁም። ድሮ ናዝሬት በምንላት፥ ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ ግን በጥንት ስሟ አዳማ ተብላ በምትጠራው ከተማ ብዙ ዘመን አማርኛ ያስተማርሁ፥ ዛሬ በጡረታ የምኖር፥ ከሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምሰጠው ፍርድ ከሊቅነት የመጣ ሳይሆን፥ ከመስማትና ከማንበብ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከራሴ ጥፋት የተገኘ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

በቅርብ ጊዜ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ወደ ግጥም ምሽት ጠራኝ። አዳራሹ ሞልቶ፥ ወንበር ያጣው ወጣት በግድግዳው ጥግ ተደርድሮ ቆሞ ነበር። ከወንጂ፥ ከሞጆና ከመቂ ድረስ የመጡ ነበሩ። ሥራ ውሎ የደከመ ወጣት ግጥም ለመስማት የባጃጅና የሚኒባስ ሒሳብ ከፍሎ መምጣቱ ልቤን ደስ አሰኘው። ዐሥራ ሁለት ገጣሚዎች ተራ በተራ ወጡ። አንዱ ጉቦ የሚበላውን ሹም፥ አንዱ ዋጋ የሚያስወድደውን ነጋዴ፥ አንዱ በእምነት ስም የሚነግደውን ሰባኪ፥ አንዷ የገበሬ መሬት የሚቸበችበውን ደላላ ወቀሱ። ስንኙ ያምር ነበር፤ ቀልዱም ያስቅ ነበር፤ ጭብጨባው አላቋረጠም። እኔም አብሬ አጨበጨብሁ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ግን አንድ ነገር ልቤን ቆረቆረው። በዚያች ምሽት ስለ ብዙ ክፉ ሰዎች ሰማሁ፤ ከእነዚያ ክፉዎች ግን አንድ ስንኳ በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ጉቦ ተቀባዩ ሦስት ግጥም ተገጠመለት፤ ጉቦ ሰጪው ግን አንድ ስንኝም አላገኘም። ያለ ሰጪ ተቀባይ እንደሌለ ሁላችን እናውቃለን። ሰጪዎቹስ የት ነበሩ? ሰጪዎቹ እኛ ነበርን፤ በየወንበራችን ተቀምጠን እናጨበጭብ ነበር። ገጣሚዎቹም ከእኛው ጋር የሚኖሩ፥ ከእኛው ጋር ጉዳይ ለማስፈጸም የሚሰለፉ ናቸው። ነገር ግን ዐሥራ ሁለቱም በየግጥማቸው ውስጥ አልነበሩም።

የዘመናችን ግጥም የሥነ ምግባር ውድቀት ስል እንግዲህ ይህን ማለቴ ነው። ገጣሚዎች ጠጪዎች ሆኑ፥ ወይም ነውር ቃል አበዙ ብዬ አይደለም። ተስፋ መቍረጣቸውንም እንደ ኃጢአት አልቈጥረውም፤ ሦስት ጊዜ የተታለለ ሰው ተስፋ ቢቈርጥ ማን ይፈርድበታል? ውድቀት የምለው፥ እጁን አስቀድሞ ታጥቦ፥ ራሱን ከምስክር ወንበር ላይ አስቀምጦ፥ ዓለምን ሁሉ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ የሚያቆመውን ተስፋ መቍረጥ ነው።

ይህ ጠባይ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ድኻው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን አነበበ። በ1958 ዓ.ም. ኢብሳ ጉተማ «ኢትዮጵያዊው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። በ1959 ዓ.ም. ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ፥ ማለት ገሞራው፥ «በረከተ መርገም»ን አሰማ። በመካከሉ በ1957 ዓ.ም. የካቲት ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። የእነዚህን ግጥሞች ስም ብቻ ተመልከቱ። አንዱ ይናገራል፤ አንዱ ይጠይቃል፤ አንዱ ይራገማል። ሁሉም ግን አንድ እምነት ነበራቸው፤ ይኸውም እውነት በአደባባይ ከተነገረ አገር ይቃናል የሚል ነው።

እኛ በናዝሬት የነበርን ተማሪዎች ያን ጊዜ ግጥሞቹን በእጅ ጽሑፍ ነበር የምናገኛቸው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ተማሪ በባቡር ሲወርድ በደብተሩ ገልብጦ ያመጣዋል፤ እኛም ከደብተሩ እንገለብጣለን። ቃል እየተሳሳተ፥ ስንኝ እየወደቀ ይደርሰን ነበር። እንዲያም ሆኖ ሌሊት በኩራዝ እናነበው ነበር። ከተማችን የባቡር፥ የጋሪና የንግድ ከተማ ነበረች። ከአጠገባችን በ1946 ዓ.ም. የተከፈተው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አለ፤ የሆላንድ ኩባንያ ያሠራው ነበር። በአዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተሠርቷል። ሸንኮራ ቈራጩ ከሩቅ አገር መጥቶ በፀሐይ ሲቃጠል በዓይናችን እናየው ስለ ነበር፥ «ድኻው ይናገራል» የሚለው ስም ለእኛ የመጽሐፍ ነገር አልነበረም።

በ1963 ዓ.ም. ሰሎሞን ደሬሳ «ልጅነት»ን አሳተመ፤ ስለ አጻጻፉም ብዙ ክርክር ተነሣ። በ1966 ዓ.ም. የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» ወጣ። ይህ ስም በዚያ ዓመት መውጣቱን ባሰብሁ ጊዜ ሁሉ ይደንቀኛል፤ አገሪቱ ራሷ በእሳትና በአበባ መካከል የቆመችበት ዓመት ነበርና። እኛ አበባውን ብቻ ነበር ያየነው።

በዚያ ዘመን የሒሳብ መምህራችን ህንዳዊ ነበር። በዚያን ጊዜ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት የህንድ መምህራን ብዙ ነበሩ። ይህ መምህር ግጥም ይወድ ነበርና፥ ስለ አገራችን ተስፋ በእንግሊዝኛ ስንነግረው በትዕግሥት ሰምቶ፥ «እንግሊዝ ከአገራችን ሲወጣ እኛም እንዲሁ ብለን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባለቅኔዎቻችን መራር ሆኑ» አለን። እኛ ሳቅንበት፤ ሽማግሌ ነው ብለን ናቅነው። ዕድሜው ግን ከአርባ አይበልጥም ነበር።

በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በታኅሣሥ ዘመቻው ተጀመረና እኔም ወደ አርሲ ተላክሁ። በየካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። እዚህ ላይ እውነቱን መሸፈን አይገባኝም፤ አዋጁ ታላቅ ሥራ ነበር። ግማሽ እህሉን ለባለ መሬት ሲሰፍር የኖረ ጭሰኛ፥ የሚያርሰው ማሳ ለእርሱ መሆኑን ሲሰማ አይቻለሁ። ዝም ብሎ አፈሩን በእጁ ዘገነ። ያን ቀን ግጥም እውነት የሆነ መሰለን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ግጥም መፈክር ሆነ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ በየስብሰባው መጀመሪያ ግጥም ይነበባል። ስለ «ሰፊው ሕዝብ»፥ ስለ «አድኃሪ»፥ ስለ «አቆርቋዥ» የማይናገር ስንኝ አይፈለግም ነበር። ለንጉሡ ልደት ሲገጥም የነበረ ብዕር ቃሉን ለውጦ ለአብዮት በዓል ገጠመ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሲመጣ፥ ያ የግጥም ቋንቋ ለመግደያም እንደሚሆን ታየ። ሰውን «አድኃሪ» ብሎ ለመጥራት ቤት ከተመታለት፥ ለማሰሩ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይህን የምናገረው ከሩቅ ሰምቼ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በአንድ የናዝሬት ቀበሌ ስብሰባ ላይ ግጥም እንዳነብ ታዘዝሁ። ታዘዝሁ ማለቴ ግማሽ እውነት ነው፤ መመረጤ ደስ ብሎኝም ነበር። በሰፈራችን አንድ የወፍጮ ቤት የነበራቸው ሰው ነበሩ፤ «አብዮቱን ያማሉ» ይባሉ ነበር። ስማቸውን አልጠራሁም፤ ግን ማንም ሊስተው በማይችል መንገድ እንዲህ ብዬ ገጠምሁ፦

ወፍጮው ሲፈጭ ኖሮ የድኻውን አጥንት፥
ዛሬ ተራው ደርሶት ይፈጫል በእውነት።

ሕዝቡ ሳቀ፤ አጨበጨበ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ታሰሩ። በእኔ ግጥም ምክንያት ነው ወይስ አስቀድሞ በተያዘ መዝገብ፥ እስከ ዛሬ ድረስ አላወቅሁም። አለማወቄ ግን እረፍት አልሰጠኝም።

ዛሬ እንደ አንድ መምህር ያን ስንኝ ስመረምረው ሌላ ነገር አያለሁ። «በእውነት» የሚለው ቃል በዚያ ቦታ ምን ይሠራል? ምንም አይሠራም። «አጥንት» ለሚለው ቤት መምቻ ብቻ ገባ። ስለ ሰውየው ማንነት የማውቀው እውነት አልነበረኝም፤ እውነት የሚለው ቃል ግን ቤት ስለ ሞላልኝ ተጠቀምሁበት። አንባቢ ሆይ፥ መጥፎ ግጥምና መጥፎ ምግባር የሚገናኙት በዚህ ነው። ባለቅኔው ያልመረመረውን ነገር ቤት ስለ መታ ብቻ ሲጽፈው፥ የጥበብ ስሕተትና የኅሊና ስሕተት አንድ ይሆናሉ።

በዚያው ዘመን እኔ የቀበሌ መድረክ ላይ ሳለሁ፥ ሌላው የናዝሬት ልጅ ነቢይ መኮንን እስር ቤት ነበር። በዚያም ሆኖ የማርጋሬት ሚቸልን ረጅም ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየተረጐመ ጻፈው፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። በ2016 ዓ.ም. ሲሞት ባለቅኔ፥ ተርጓሚና የጋዜጣ አዘጋጅ ሆኖ ብዙ ሠርቶ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ በስደት ኖሮ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ ሞተ፤ የግጥም መጽሐፉ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የታተመው በ1998 ዓ.ም. ነው። እነዚህን ሰዎች የማነሣው ቅዱሳን ነበሩ ለማለት አይደለም። በአንድ ዘመን ውስጥ ባለቅኔ የሚመርጠው መንገድ አንድ ብቻ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው። «ዘመኑ አስገደደን» የምንል ሁላችን ይህን ማስታወስ ይገባናል።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከሦስት ዓመት በኋላ ተፈትተው መጡ። ወፍጮው ተወስዶ ነበር። በመንገድ ስንገናኝ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ይሉኝ ነበር፤ እኔም አጐንብሼ እመልስ ነበር። ስለ ግጥሙ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ወጣ፤ ሳንሱር ቀረ። ሰው ሁሉ የታመቀውን ለመናገር ቸኰለ። እኔም ስለ ደርግ ግፍ ረጅም ግጥም ጽፌ በከተማችን በተደረገ አንድ ስብሰባ ላይ አነበብሁ። ስለ እናቶች እንባ፥ ስለ ጅምላ መቃብር፥ ስለ ጨካኞች ካድሬዎች ጻፍሁ። አዳራሹ አለቀሰ። ብዙ ሰው መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። በመጨረሻ እኒያ ሰው መጡ። እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፥ ግጥምህ ጥሩ ነው። ግን አንተ በግጥሙ ውስጥ የት ነህ?»

የምመልሰው አጣሁ። «ጋሼ፥ እኔማ ጸሐፊው ነኝ» ብዬ ሣቅ አልሁ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ሄዱ።

ከሰማሁት የግጥም ሒስ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። እኒያ ሰው ያነበቡት ብዙ መጽሐፍ አልነበረም። ነገር ግን በአንድ ጥያቄ የእኔን ብቻ ሳይሆን የዘመናችንን ግጥም በሽታ አወጡት። በ1970 ዓ.ም. ግጥሜ ውስጥ አልነበርሁም፤ «ሰፊው ሕዝብ» ነበርሁ። በ1984 ዓ.ም. ግጥሜ ውስጥም አልነበርሁም፤ «የተበደለው ሕዝብ» ነበርሁ። ሁለቱም ጊዜ ተጨበጨበልኝ። ሁለቱም ጊዜ ክፉው ሌላ ሰው ነበረ።

ያ ህንዳዊ መምህር የተናገረውን ዘግይቼ ነው ያስተዋልሁት። ህንድ ለአማርኛ ግጥም እጅግ ሩቅ አገር አይደለችም፤ ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ በኒው ዴልሂ በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግሏል። እኔ ግን የህንድን አዲስ ግጥም ያገኘሁት በስተርጅና በእንግሊዝኛ ትርጕም ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ነጻነት ከመጣ በኋላ በህንድ ባለቅኔዎች ዘንድ ታላቅ ምሬት ተነሣ። ከእነዚህ አንዱ በሂንዲ ቋንቋ የጻፈው ጋጃናን ማድሃቭ ሙክቲቦድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሞተ፤ ስሙን ያስጠራው የግጥም መጽሐፍም በዚያው ዓመት ወጣ። «በጨለማ ውስጥ» የተባለ ረጅም ግጥም አለው። በዚያ ግጥም ተናጋሪው በሌሊት በከተማ ጎዳና ላይ አንድ ሰልፍ ሲያልፍ ያያል። ከወታደሮቹና ከታወቀ ነፍሰ ገዳይ ጋር፥ ቀን ቀን የተከበሩ ሰዎች፥ ጋዜጠኞች፥ ሐያስያንና ባለቅኔዎች አብረው ይሰለፋሉ። የሚያየውም ሰው ራሱ ከጥፋቱ ነጻ እንዳልሆነ ይሰማዋል።

እኔን የነካኝ ይህ ነው። ሙክቲቦድ በፖለቲካ ከተታለሉት አንዱ ነበር፤ መራርነቱም ከማንም አያንስም። ነገር ግን ሰልፉን ሲሥል ባለቅኔዎችን ከሰልፉ አላወጣቸውም። በዚያ ምሽት በአዳማ አዳራሽ የሰማኋቸው ዐሥራ ሁለት ግጥሞች ያጡት ይህን ነው። ሰልፉ በደንብ ተሥሏል፤ ባለቅኔው ግን ከሰገነት ላይ ሆኖ ይመለከታል።

ይህን ለመማር ህንድ ድረስ መሄድም አያስፈልግም ነበር። በዚህ በስምጥ ሸለቆ ዙሪያ ባሉ የኦሮሞ መንደሮች ጌራርሳ የሚባል የቆየ የዜማ ግጥም አለ። ዘፋኙ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፤ ጀግንነቱን፥ ድህነቱን፥ መከራውን በራሱ አፍ ይናገራል። በጥንቱ ልማድ ትልቅ ሥራ ያልሠራ ሰው ጌራርሳ ማለት አይገባውም ነበር። አድማጩ ጎረቤቱ ነውና ውሸቱን ወዲያው ያውቅበታል። በዚያ ግጥም «አንተ የት ነህ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ዘፋኙ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ በመካከል ቆሟልና። በአማርኛም ከይርጋ ዓለም የተነሣው ደበበ ሰይፉ ከመጽሐፎቹ አንዱን «ለራስ የተጻፈ ደብዳቤ» ብሎ ሰይሞታል። እኔ ለዘመናችን ገጣሚ ምክር ስጥ ብባል፥ ይህን ስም በጽሕፈት ጠረጴዛህ ላይ ለጥፈው ከማለት በቀር ሌላ አልጨምርም። ደብዳቤውን ለሹሙ ከመላክህ በፊት አንድ ቅጂ ለራስህ ላክ።

በዚህ ላይ የሚቀርብብኝን ክርክር አውቃለሁ። አንደኛው ወገን «አንተ ኃያላኑን ነጻ ልታወጣ ነው፤ የተበደለውን ንስሐ ግባ ትላለህ፤ ሹሙ ግን ይስቃል» ይለኛል። ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ገሞራውም ሆነ ታምሩ ፈይሳ ሥልጣንን በመውቀሳቸው ተሳሳቱ አላልሁም። ባለቅኔ ግፍን ሲያይ ዝም ካለ ባለቅኔነቱ ከንቱ ነው። እኔ የምለው፥ ራሱን የመረመረ ሰው ወቀሳው ይበልጥ ይቈርጣል ነው። ጉቦ ሰጪነቱን የተናገረ ገጣሚ፥ ጉቦ ተቀባዩን ሲወቅስ ማንም አፉን ሊያስይዘው አይችልም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለችው ሴት ግን፥ ምክሯ እውነት ቢሆን እንኳ ማን ይሰማታል?

ሁለተኛው ወገን ወጣቱ ነው። «እኛ በቀይ ሽብር ጊዜ አልተወለድንም፤ የእናንተን ኃጢአት በእኛ ላይ ለምን ትጭናለህ?» ይላል። እውነቱን ነው፤ የእኔ ስንኝ የእርሱ ዕዳ አይደለም። ነገር ግን እርሱም የራሱ ዘመን አለው። በ2010 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ስንት የተስፋ ግጥም ተጻፈ! በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ከዚያው ብዕር ስንት የጥላቻ ስንኝ ወጣ! በዚያን ጊዜ በየስልኩ ይዞር የነበረውን ግጥም ሰምቻለሁ። በየወገኑ ነበር፤ አንዱን ወገን ለይቼ አልወቅስም። የሁሉም ግጥም አንድ ቃል ይወድ ነበር፤ ቃሉም «እነሱ» ነው። «እነሱ» እንዲህ አደረጉ፤ «እነሱ» እንዲህ ናቸው። የእኔ ዘመን «አድኃሪ» እያለ አንድ ሰፈር ውስጥ ያለውን ሰው አሳሰረ። የዛሬው «እነሱ» ደግሞ አንድን ሕዝብ በሙሉ በአንድ ስንኝ ይከሳል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ሲፈረም፥ ያን ግጥም የጻፈ ሰው ወጥቶ «ይህን እኔ ጽፌአለሁ» ሲል አልሰማሁም። ግጥሙ ከስልክ ጠፋ፤ ጸሐፊው ስለ ሰላም ሌላ ግጥም ጻፈ። እኔ በ1984 ዓ.ም. እንዳደረግሁት ማለት ነው።

ሦስተኛው ወገን የጥበብ ሰዎች ናቸው። «ግጥም ኑዛዜ አይደለም፤ ስለ ራሱ ኃጢአት የሚያለቅስ ገጣሚም ይሰለቻል» ይላሉ። በዚህም ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ። በደረት መድቃት የሚያጌጥ ሰው አለና፤ እርሱም ሌላ ዓይነት ትዕቢት ነው። እኔ የምጠይቀው ገጣሚው ስሙንና በደሉን እንዲዘረዝር አይደለም። የሚሥለውን ክፋት ከውስጥ እንዲያውቀው ነው። ስለ ስግብግብ ሲጽፍ የራሱን መመኘት፥ ስለ ፈሪ ሲጽፍ የራሱን ዝምታ ያስታውስ። እንዲህ ሲያደርግ የሚሥለው ሰው ሕይወት ያገኛል፤ አለዚያ ግን በመፈክር ላይ የተሣለ ሥዕል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጥያቄው የምግባር ብቻ ሳይሆን የጥበብም ነው።

አንባቢም ከዚህ ዕዳ ነጻ አይደለም። ግጥም በጭብጨባ ይመራል። ገጣሚው ሌላውን ሲሰድብ አጨብጭበን፥ እኛን ሲነካን ዝም የምንል ከሆነ፥ የምንፈልገውን አስተምረነዋል። ስለዚህ ግጥም ስንሰማ ሦስት ነገር ብንጠይቅ መልካም ይመስለኛል። ይህ ስንኝ የሚወቅሰው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ገጣሚው ይህን ነገር መርምሮ አውቆታል ወይስ ቤት ስለ መታለት ነው? ነገ ዘመን ቢለወጥ ይህን ግጥም ደግሞ ለማንበብ ይደፍራል ወይ? ሦስቱንም የሚያልፍ ግጥም ብዙ አይደለም፤ ያለፈ ሲገኝ ግን በጭብጨባ ሳይሆን በዝምታ ይታወቃል።

ያ የቀድሞ ተማሪዬ በሚቀጥለው ምሽት እኔም እንዳነብ ለመነኝ። አሮጌ ደብተሬን ፈልጌ አገኘሁት፤ አይጥ ጥጉን በልታው ነበር። በተራዬ ወጥቼ ያን የ1970 ዓ.ም. ግጥም ከነቀኑ፥ ከነስብሰባው ምክንያት፥ አንድም ቃል ሳልለውጥ አነበብሁት። ከዚያም ሰውየው በሦስተኛው ቀን እንደ ታሰሩ ተናገርሁ። ማንም አላጨበጨበም። አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። ስወርድ ከፊት የነበረ አንድ ወጣት ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ በአዘኔታ ይሁን በአክብሮት አላወቅሁም። ከእኔ በኋላ ሊያነብ የነበረው ልጅ ወረቀቱን ይዞ ጥቂት ቆመና፥ «ዛሬ ይቅርብኝ፤ ላስብበት» ብሎ ተቀመጠ።

ይህን የምጽፈው ራሴን ለማስመስገን እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። ያደረግሁት ነገር በጣም የዘገየ ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ የጠየቁኝን ጥያቄ በሕይወት ሳሉ አልመለስሁላቸውም። በሰላምታ ያነሡትን ባርኔጣ ዛሬም አየዋለሁ። ለወጣቶቹ ባለቅኔዎቻችን የምመኘው ነገር ቢኖር፥ ጥያቄው በጊዜው እንዲመጣላቸው፥ ሲመጣም እንደ እኔ በሣቅ እንዳያልፉት ነው።